ግልብጥ ቁጥር

ማሪኛ ግራንዴ፣ ጥዱ ዘብ በቆመበት፣
ነፋስ አሸዋውን እንዳይወስድበት፣
ያንኑ አሸዋ ሰው አቅልጦ በሚነፋበት፣
የአንሴልሞን በር መታሁ፣ ጓንቴን አጥልቄ፣
የበረዶ ሣጥን ይዤ፣ ጭንብሌን አጥብቄ።

ሥራዬ ቀላል ነው፦ ቀጭን እንጨት፣ ጫፉ ጥጥ፣
በአፍንጫ ገብቶ እስከ ጉሮሮ ጓዳ የሚሰምጥ፤
እንባ ያመጣል፣ ያስነጥሳል፣ ያበቃል።
የቀረውን ማሽን ያውቃል።
የማሽኑ ቁጥር ግን ግልብጥ ነው ነገሩ፤
ሲያድግ ነው ቁጥሩ፣ የሚመናመን ዘሩ።
ስንት ጊዜ አባዝቶ ዓይኑ እንደሚያየው፣
እሱን ነው የሚጽፈው፣ በእሱ ነው የሚለየው።

በስድስተኛው ቀን፣ ዐሥራ ዘጠኝ፤
ሳሉ ከግድግዳው አልፎ እያስደነገጠኝ።
በዐሥራ አራተኛው፣ ሃያ ሰባት፤
ትኩሳቱ ከለቀቀው ሌሊቱ አራት።
በሃያ አንደኛው፣ ሠላሳ ሦስት።
ጢሙን ተላጭቶ ጠበቀኝ፣
«ድኛለሁኮ ልጄ፣ ደግሞ ምን ቀረኝ?» አለኝ።

ምን ልበለው?
መጽሐፉ ዐሥር ይላል፣ ሌላው መጽሐፍ ሃያ፤
ገላ ግን ፊደል አልቆጠረም።
ከአንዱ ቤት በሳምንቱ ተሰናብቶ ይሄዳል፣
ከአንዱ ቤት ግን ሄዶም ጫማውን ይረሳል።
«ስባሪው ይሆናል» አልኩት፣ «ምናልባት በድኑ፤
ማሽኑ ነፍስ አያይም፣ ስም ነው የሚያነበው ዓይኑ።
መቃብር ላይ የተጻፈ ስምና
ደጅ ላይ ቆሞ የሚያንኳኳ ሰው
ለእሱ አንድ ነው።»
«ለአንቺስ?» አለኝ።
ሃያ ሁለት ዓመት በነርስነት ኖሬ
«አላውቅም» የምትል ቃል ያን ዕለት ከበደችኝ።

ሚስቱ ኦቲሊያ ሳህኑን ደፉ ላይ ታኖራለች፣
በጣቷ ሦስቴ መትታ ደረጃ ትወርዳለች።
ሠላሳ ስምንት ዓመት ማንኮራፋቱን ስትረግም የኖረች
አሁን በግድግዳው በኩል እሱኑ ትጠብቃለች።

ለምን እንደጨነቀው የገባኝ ኋላ ነው።
ብርጭቆ ነፊ ነው አንሴልሞ።
አራት ሰው በአንድ ዘንግ፣ በየተራ፣
አንዱ ሲደክመው ሌላው እየተጠራ፣
ከንፈር ለከንፈር ሳይገናኙ የተሳሳሙ ሰዎች።
አንዱ ጫፍ እሳት ነው፣ ምንም ነፍስ አይተርፈው፤
ሌላው ጫፍ ቀዝቃዛ፣ ሰው ከንፈሩን የሚያሳርፈው።

ለጥናቱ የትንፋሽ ከረጢት ነበረኝ። «ንፋ» አልኩት።
እንስራ የሚያህል ብርጭቆ ያወጣ የነበረ ሳንባ
ግማሽ ሞልቶ ቆመ።
ከረጢቱን አየው፣ እኔን አላየኝም።
«ድሮ ቢሆን ይፈነዳ ነበር።»
አፉን ቋጠርኩ። ወደ መኪናዬ ስሄድ
ያ ግማሽ ትንፋሽ በእጄ ላይ አይከብድም፤
በሽታው ይሁን ሙያው ያለበት፣ መታየት አይወድም።

በአርባ አንደኛው ቀን ማሽኑ አርባ ጊዜ ዞሮ
ምንም አላየም።
ወረቀቱን ሰጠሁት፤ «ነጻ» ይላል፣ ማኅተም አለው።
ተከትዬው ሄድኩ፣ ይህ ከጥናቱ ውስጥ የለም።
ጓደኞቹ አጨበጨቡ፣ ከሩቅ።
እሱም ዘንጉን አነሣ፣ ነፋ፣ አረፈ፣ ነፋ፤
የሎሚ ያህል ወጣች፣ ጎኗ የተንሻፈፈ።
ዘንጉን ለቀጣዩ ዘረጋ።

አንዱ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ።
አንዱን ውሃ ጠማው።
አንዱ የምድጃውን በር፣ የተዘጋውን፣ ሊዘጋ ሄደ።

ገላውን በሽታው ለቀቀው፣ ወሬው ግን አልለቀቀው፤
ለዚህኛው ጥጥም የለኝ፣ ማሽንም የለው የሚያውቀው።
ሎሚዋ ቀይ ነበረች፣ ብርቱካን መሰለች፣
ከዚያ ቀለሟን ጥላ ውሃ እየሆነች፣
እኔም ሳላስበው ቆጠራ ያዝኩ በልቤ፦
ዐሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ።
የአንሴልሞ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ።
ሠላሳ ሰባት ላይ ስደርስ
ዴልፊና፣ እሳት የምታቀጣጥለው ለማጅ፣
ጓንቷን አወለቀች።